ስለ አፍ መጉመጥመጫና ስለ ታመመ ጥርስ

(ከእሑድ ጸሎት በኋላ በአዳራሹ ለእህቶች የተሰጠ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ።)

ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ ወንበር አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት መግባት ያለባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቡናው እስኪፈላ ብቻ ነው የማቆያችሁ።

ባለፈው እሑድ «አፋችሁን የምትጉመጠመጡበትን ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ» ብያችሁ ነበር። ሦስት አራት ይመጣል ብዬ ነበር። አሁን ጠረጴዛው ላይ የቆጠርኩት አሥራ ሰባት ነው። አንዳንዱን ገና አልከፈትኩትም፣ አንዱን ግን ከፍቼ አሽትቼ ቶሎ ዘግቼዋለሁ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ለአዲሶቹ ልንገራችሁ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ደሴ ነርስነት ተምሬ ሁለት ዓመት በጤና ጣቢያ ሠራሁ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደ እናንተው በኤጀንሲ በኮንትራት መጣሁ። ኮንትራቴን ጨርሼ ከወጣሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት ዶራ አካባቢ አንድ የጥርስ ክሊኒክ አጸዳለሁ፣ የሕክምና ዕቃውን አጥባለሁ፣ ማሽን ውስጥ እቀቅላለሁ። የማላውቀውን ዶክተሯን እጠይቃለሁ። ዛሬ የምነግራችሁንም ይዤ ሄጄ አንድ በአንድ ጠይቄአታለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር፤ የሰው ከማውራት ይሻላል።

የመጀመሪያው ቤቴ ሁለተኛ ዓመት ላይ የታች መንጋጋዬ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ይወጋኝ ጀመር። ዝም አልኩ። ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ቆሜ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቼ፣ ቀን ስኳር የበዛበት ሻይ እየጠጣሁ ነው የምውለው፤ ጥርስ መቦረሽ የሚባለው ነገር አንዳንዴ ይረሳል፣ አንዳንዴም እንቅልፍ ያሸንፋል። አንድ ቀን እንግዳ ተቀምጦ ቡና ሳቀርብ ማዳም አፍንጫዋን ይዛ «ሪሓ» አለች። ሽታ ማለቷ ነው። እንግዶቹ ሳቁ። እኔ ትሪውን ይዤ ወደ ኩሽና ገባሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወራት እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነው ያወራሁት። ሳልስቅ ቀረሁ። ሚስተር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰማያዊ ጠርሙስ ነበረው፤ ማታ ማታ አንድ ክዳን እየቀዳሁ እጉመጠመጥ ነበር፣ እንዳያውቁብኝም የጎደለውን በውሃ እሞላው ነበር። ነርስ ነኝ እኮ! የተማርኩትን ሁሉ ኀፍረት አስረሳኝ። አፌ ለአንድ ሰዓት ሚንት ሚንት ይላል፣ መንጋጋዬ ከሥር ይበሰብሳል። አንድ ሌሊት ጉንጬ አብጦ ዓይኔ ተዘጋ። ጥርሱ ተነቀለ፤ የሐኪሙም ከደሞዜ ተቆረጠ። ቦታው ዛሬም ባዶ ነው፤ ሲስቅብኝ ይታያችኋል። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ወር ብናገር ኖሮ በአንድ ሙሌት ያልቅ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ጠርሙሱ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ነው። የማይሠራውን ልጀምር።

ሊጥ የደረቀበት ቡሃቃ አስቡ። ውሃ አፍስሰሽበት ወዝውዘሽ ብትደፊው ይጠራል? አይጠራም፤ መፈግፈግ አለበት። ጥርስ ላይም እንዲሁ ነው። ጀርሞቹ ተለጣፊ ልባስ ሠርተው ጥርሱና ድዱ መገናኛ ላይ ይጣበቃሉ። ስኳር ስንበላ እነሱም ይበላሉ፣ ከበሉ በኋላ አሲድ ያወጣሉ፣ አሲዱ ጥርሱን ይቦረቡረዋል። መጉመጥመጫው ከላይ ያለውን ያጥባል እንጂ ልባሱን አይፍቅም። ቀዳዳው አንዴ ከተከፈተ ደግሞ የትኛውም ፈሳሽ አይደፍነውም። ጥርሱ ሥር መግል ከቋጠረ መግሉ ያለው አጥንት ውስጥ ነው፤ በአፍ የያዝሽው ፈሳሽ እዚያ አይደርስም። ለዚህ ነው ገንዘብ ትንሽ ካላችሁ ቡሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ግዙ የምለው። ከተረፈ ጥርስ መካከል የሚገባውን ክር ጨምሩ። ጠርሙሱ የመጨረሻው ነው።

«እኛ አገር እያለን በመፋቂያ ነበር፣ ጥርሳችንም ነጭ ነበር» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። የወይራ መፋቂያ በደንብ ከተፋቀ ይሠራል፤ እዚህም የዐረቦቹ ሚስዋክ ይሸጣል፤ እሱም መፋቂያ ነው። ድድ እንዳያቆስል ጫፉን አኝካችሁ አለስልሱት። ማታ ግን ሳሙናውን አትተዉ፣ ምክንያቱም መፋቂያው በቂ ፍሎራይድ አይሰጥም።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ።

ይሄ ኃይለኛ ሽታ ያለው፣ አፍ የሚያቃጥለው ዓይነት ከአሥራ ሰባቱ ስድስቱ ነው። ውስጡ የባሕር ዛፍና የሚንት፣ የመሳሰሉት ዘይቶች አሉ። ዝነኛው ሊስተሪን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1879 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ስሙም ጆሴፍ ሊስተር ከተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የተወሰደ ነው። መጀመሪያ ቁስልና የሕክምና ቦታ ማጽጃ ነበር። በ1920ዎቹ ኩባንያው በጋዜጣ ማስታወቂያ አፉ የሚሸት ሰው አያገባም፣ ጓደኛም አያገኝም እያለ ሕዝቡን አስፈራራ፣ ሽያጩም ናረ። ያኔ ኀፍረት ጠርሙስ ሸጠ። እኛን የምታስፈራራን ማስታወቂያው ሳይሆን ማዳም ናት፤ ሥራው ግን አንድ ነው።

ዘይቶቹ መጥፎ አይደሉም። ከቡሩሽ ጋር ሲሆን ልባሱንና የድድ መድማቱን ይቀንሳሉ። የድሮው ዓይነት ግን አልኮሉ ከመቶ 26.9 ነው፤ ከቢራ ብዙ እጥፍ ነው። አፉ የደረቀበት ሰው፣ አፉ ውስጥ ቁስል ያለበት፣ ከመጠጥ ለመራቅ የምትታገል እህት ባለ አልኮሉን አትግዛ። አልኮል የሌለው እኩል ይሠራል። ፋርማሲ ስትገቡ «ገሱል ፈም» ወይም በፈረንሳይኛው «ባን ደ ቡሽ» በሉ፣ ከዚያ «ባላ ኩሑል» በሉ፤ ያለ አልኮል ማለት ነው።

አራቱ ፍሎራይድ ያለባቸው ናቸው። ጥርሷ ቶሎ ቶሎ ለሚቦረቦርባት፣ አፏ ለሚደርቅባት፣ ሽቦ ላሠረች ይጠቅማል። በየቀኑ የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ 0.05 ከመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ጥርስ ቦርሻችሁ ወዲያው በሱ አትጉመጠመጡ። የጥርስ ሳሙናው ቱቦ ላይ 1450 የሚል ቁጥር አይታችሁ ይሆናል፤ የፍሎራይዱ መጠን ነው። መጉመጥመጫው 225 አካባቢ ነው። ብርቱውን በደካማው ታጥባላችሁ ማለት ነው። ከቦረሻችሁ በኋላ አረፋውን ትፉ፣ በውሃም አትለቅለቁ፣ እንዲሁ ተዉት። መጉመጥመጫውን በሌላ ሰዓት አድርጉት፣ ለምሳሌ ከምሳ በኋላ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አትብሉ፣ አትጠጡ።

ስለ ፍሎራይድ ካነሣሁ ያለፈው ሳምንት ጥያቄ አለብኝ። አንዲት ከወንጂ የመጣች እህት «ፍሎራይድ ነው እኮ ጥርሴን ያበላሸው፤ አንቺ ደግሞ ፍሎራይድ ግዢ ትዪኛለሽ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ፣ የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ውሃ ትውልድ ጠጥቶታል። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ፤ በዓመታት ውስጥ ጥርሳቸው የቡና መልክ ያወጣ ልጆች፣ አንገትና ወገባቸው የደረቀ አሮጌ ሠራተኞች ታዩ። እውነት ነው፣ ፍሎራይዱ ነው ያመጣው።

ግን ጥርስ የሚበላሸው ገና ድድ ሥር ሲሠራ ነው፤ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ማለት ነው፣ ያውም ከሚዋጠው ውሃ። አንቺ አሁን ሠላሳ ዓመትሽ ነው። ጥርስሽ ካበቀለ በኋላ ከላይ የምትቀቢው ፍሎራይድ ያንን መልክ አያመጣም፤ ትውጪው እንጂ ትተፊው ዘንድ አይደለም እንዳትይኝ፣ ትፊው። ለልጅ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ቆይቼ እናገራለሁ። ደግሞ አንድ ነገር፦ ያ ቡናማ መልክ ውስጡ ነው። የሚያነጣ ብለው የሚሸጡት መጉመጥመጫ አያወጣውም፣ ቤኪንግ ፓውደርና ሎሚ አያወጣውም፣ ሎሚው እንዲያውም ጥርሱን ይበላዋል። የሚያክመው ሐኪም ነው። ካልቻልሽ ደግሞ የታመመ ጥርስ አይደለም፤ የአገርሽ ውሃ ምልክት ነው። አትሸፍኚው።

ሦስት ጠርሙስ ክሎርሄክሲዲን አለ። በላቲን ፊደል በሲና በኤች የሚጀምር ረጅም ስም ነው፣ አጠገቡ 0.12 ወይም 0.2 ይላል። ይሄ መድኃኒት ነው። ሐኪም ጥርስ ከነቀለ፣ ድድ ከቀደደ በኋላ ወይም ድድ ክፉኛ ሲቆጣ ለአጭር ጊዜ ያዝዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ። በጣም ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ሲቆይ ጥርስንና ምላስን ያጠቁራል፣ የምግብ ጣዕም ይለውጣል፣ ሻይና ቡና ሲጨመርበት ይብሳል። አንዲቷ ከመካከላችሁ ከአሥር ወር በፊት ጥርስ ሲነቀልላት የተሰጣትን እየገዛች እስከ ዛሬ ትጠቀማለች፤ ጥርሷ ለምን እንደጠቆረ ግራ ገብቷት ነበር። አይዞሽ፣ ክሊኒክ ሲጠረግ ይለቃል። አንድ ደግሞ ልጨምር፣ የጥርስ ሳሙና ያከሽፈዋል። ቦርሻችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ውሰዱት። ፊት ካበጠ፣ ሰውነት ሽፍ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ አለርጂ ነውና ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሩጡ፤ አልፎ አልፎ ይከሰታል።

ሐምራዊውና ሮዙ፣ አልኮል የሌላቸው ሁለቱ፣ ሴቲልፒሪዲኒየም የሚባል አላቸው። ደህና ናቸው። ሽታ ይቀንሳሉ፣ ልባሱን ትንሽ ይቀንሳሉ። ብዙ የሚባል የለም።

አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው ያስፈሩኝ።

ይሄ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አረቅ ነው። ስቃችኋል፤ እኔም ስቄአለሁ። እኛም አገር አረቄ አለ፣ እነሱም አረቅ አላቸው፣ ሁለቱም ጋ ጥርስ ሲያም ይያዛል። ድዱን ያደነዝዘዋል፣ ያቃጥለዋል፣ ሕመሙ ግን ይመለሳል። አስፕሪን ጥርስ ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ፤ ድዱን ያቃጥለዋል፣ ነጭ አድርጎ ይልጠዋል፣ ሁለት ቁስል ይሆንባችኋል። ነጭ ሽንኩርትም ይልጣል። የቅርንፉድ ዘይት እውነት ያደነዝዛል፣ የጥርስ ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ነገር ከሱ ይወጣል፤ በጥጥ ትንሽ ጥርሱ ላይ እንጂ ድድ ላይ አትቀቡት። ግን ያደነዝዛል እንጂ አያድንም።

ይሄ ሌላኛው ስም የለውም። ማን እንዳመጣው አልጠይቅም፣ እሷ ታውቀዋለች። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ካለ ሌላ ዕቃ ተገልብጦ ነው፣ መልኩም ከመጉመጥመጫ ጋር ይመሳሰላል። ሲከፈት ያሸተትኩት እሱን ነው፤ ክሎር አለበት። እህቶቼ፣ የኛ ቤት በነዚህ ነገሮች የተሞላ ነው፤ ክሎር፣ ዴቶል፣ የመስታወት ማጽጃ፣ የምድጃ ማጽጃ። በሌላ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ በዚህ አገር ልማድ ነው። ስሙ ከሌለው ወደ አፋችሁ አታስጠጉት። ማዳም «ይሄ ነው» ብትልም እንኳ «ኢስም?» ብላችሁ ጠይቁ። ለፀጉር የሚገዛው ኦክስጅንም አፍ ውስጥ እንዳይገባ፤ ለአፍ ከሚሆነው በጣም ይከርራል፣ ያቃጥላል።

ልጅ የምትይዙ አዳምጡ። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ መጉመጥመጫ አይሰጥም፤ መትፋት አያውቅም፣ ይውጠዋል። ጠርሙሱ ጣፋጭና ባለ ቀለም ስለሆነ ልጅ ሻሮብ ይመስለዋል። አልኮል ያለበት ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት፣ ክዳኑ መዘጋቱን እዩ። ልጁ አንድ ነገር ሆኖ ሲገኝ ማን እንደሚጠየቅ እኔ ልነግራችሁ አይገባም።

አወሳሰዱ ቀላል ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ክዳን ያህል ቅዱ፣ በውሃ አታቅጥኑ፣ እኔ እንዳደረግሁት አታድርጉ። ሠላሳ ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ በጥርሳችሁ መካከል አንፈቅፍቁት፣ ትፉት። አትዋጡት።

ጨውና ውሃ ያላችሁትን አልናቅሁም። ከሁሉ ርካሹና የማይጎዳው እሱ ነው። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ድድ ሲቆጣ፣ አፍ ሲቆስል ያስታግሳል። ጥርስ የተነቀለ ቀን ግን አትጉመጠመጡ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የረጋ ደም ይታጠባል፣ ሕመሙም ይከፋል። ከማግስቱ ጀምሮ ቀስ ብላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጸው ከዳህየና ከደቡብ ሸሽታችሁ ኮርኒሽ ላይ ያደራችሁት ታስታውሳላችሁ፤ ከቤት የወጣችሁት በለበሳችሁት ብቻ ነበር። ድዳቸው የሚደማ ብዙ ሴቶች ያን ጊዜ አየሁ። ጨውና አዲስ ቡሩሽ ነበር ያከፋፈልነው፤ ለብዙዎቹ እሱ በቂ ነበር።

ስለ ሽታም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሁላችንንም ወደ ጠርሙሱ የሚያስሮጠን እሱ ነው። አብዛኛው የአፍ ሽታ የሚመጣው ከአፍ ራሱ ነው፤ ከምላስ ጀርባ፣ ከድድ፣ ከተቦረቦረ ጥርስ። ምላሳችሁን ከኋላ ወደ ፊት በቡሩሹ ጥረጉ። በጾም ቀን ሁሉም ሰው ይሸታል፤ ምራቅ ሲቀንስ ነው፣ በሽታ አይደለም። ከቁርባን በፊት መጉመጥመጥ ይቻላል ወይ የምትሉኝን ለንስሐ አባታችሁ ጠይቁ፤ የኔ ሥራ አይደለም። ቦርሻችሁ፣ ምላሳችሁን ጠርጋችሁ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሽታው ካልለቀቀ ግን የሆነ ቦታ የታመመ አለ። ድድ ሲደማ ደግሞ መቦረሽ አይቆምም፤ ለስላሳ ቡሩሽ ይዛችሁ ቀጥሉ፤ የሚደማው ስላልተጸዳ ነው።

አሁን ከባዱን ልናገር። ከመካከላችን አንዲት ልጅ አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ናባዓ አንድ ክፍል ተከራይተው ሦስት ሆነው ይኖራሉ፤ ኢቃማዋ አልፎበታል። የኋላ ጥርሷን አመማት። ፋርማሲ ሄዳ መጉመጥመጫ ገዛች፣ ቆይታ አንቲባዮቲክ ገዛች፣ ሦስት ቀን ወስዳ ሲሻላት አቆመች። አንድ ቀን ሕመሙ ድንገት ጠፋ። ደስ አላት፤ «ተሻለኝ» አለችን።

ይህን ስሙኝ። የሚያም ጥርስ ሳይታከም ድንገት ዝም ካለ ብዙ ጊዜ የዳነ ሳይሆን ውስጡ ያለው ነርቭ የሞተ ነው። መግሉ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ እዚህ ስትመጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ነበር። «ክፈቺ» አልኳት። ሁለት ጣት አልገባም። አገጯ ሥር ከሁለቱም ወገን አብጦ ደንድኗል፣ ምላሷ ወደ ላይ ተገፍቷል፣ ምራቋን መዋጥ አልቻለችም፣ ድምፅዋ እንደ ትኩስ ድንች የያዘ ሰው ሆኗል። «ኢቃማ የለኝም፣ ይይዙኛል» እያለች ታለቅሳለች። እኔ 140 ደወልኩ። የሊባኖስ ቀይ መስቀል ነው፤ አምቡላንሱ አያስከፍልም። ሆስፒታሉ አምስት ቀን አስተኛት፣ አንገቷን ቀደው መግሉን አወጡ። ሐኪሙ በሌሊት እቤት ብታድር ኖሮ ትንፋሿ ሊዘጋ ይችል ነበር አለ። የከፈልነውን መዋጮ ታስታውሳላችሁ፣ ገና ዕዳ አለብን። አሁን ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ ትስቃለች።

ስለዚህ ፊት ወይም አገጭ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ጠርሙስ አታንሡ። እስከ እሑድም አትጠብቁ። ቤት ውስጥ ያላችሁ እነዚህን ቃላት ያዙ። «ዲርሲ ዓም ዩጃዕኒ»፦ ጥርሴን ያመኛል። «ዊጂ ዋረም»፦ ፊቴ አበጠ። «ማዒ ሓራራ»፦ ትኩሳት አለኝ። «ማ ፊዪ ኢብላዕ»፦ መዋጥ አልቻልኩም። የመጨረሻውን ማዳም ችላ ካለችው 140 ደውሉ፤ አድራሻውን ለመናገር የሕንፃውን ስምና አጠገቡ ያለውን ሱቅ አስቀድማችሁ እወቁ።

ላላበጠው ጥርስ ሌላ መንገድ አለ። የብዙዎቻችን ኢንሹራንስ ጥርስ አይሸፍንም፣ ይህን ተቀብለን እንነሣ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል አሠሪዋ ለሠራተኛዋ ሕክምና እንድታሟላ ይላል፤ ለማዳም በጭቅጭቅ ሳይሆን በእርጋታ፣ ሕመሙ ገና ትንሽ እያለ ንገሯት። «አሁን ሙሌት ነው፣ ቆይቶ ሆስፒታል ነው» የሚለው ቃል ብዙ ማዳሞችን ያሳምናል፤ ሒሳብ ነው።

በራሳችሁ የምትሠሩ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎቹን ክሊኒኮች ጠይቁ። ተማሪዎች በመምህር ዓይን ሥር ያክማሉ፣ ዋጋው ከግል ክሊኒክ ያነሰ ነው፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። የሱዒዬ፣ ማለት ሴንት ጆሴፍ ዩኒቨርሲቲ፣ በታሪቅ ሻም ላይ አለው። ዐረቢዬ ዩኒቨርሲቲ ታሪቅ ጅዲዴ አለው። የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ ሐደት ነው። በየሰፈሩ ያለውን ሙስተውሰፍም ጠይቁ፤ አንዳንዱ ጥርስ ሐኪም አለው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ዋጋውን ጠይቁ፣ «ኢቃማ ትጠይቃላችሁ ወይ» ብላችሁም ጠይቁ። ዐረብኛው የሚከብዳችሁ ለኔ ስጡኝ፣ እደውላለሁ።

ሕመሙን እስከዚያ ለማስታገስ ፓናዶል የምትወስዱ ባለ 500ውን በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አታሳልፉ። አንዳንዴ የጉንፋኑም መድኃኒት ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር አለ፤ ደርባችሁ እንዳትወስዱ ጠርሙሱን ወይም ሳጥኑን ፋርማሲስቱን አሳዩት። ጉበት የሚጎዳው ሳይታወቅ ነው።

ቡናው ፈላ መሰለኝ፣ ሽታው ደረሰኝ። ጠርሙሶቻችሁን ውሰዱ። ስም የሌለውን ግን እኔ እይዘዋለሁ፣ አልመልሰውም። አረቁንም... እሺ፣ አረቁን ውሰጂ፣ ግን ለጥርስ አይደለም። ክሎርሄክሲዲን ያላችሁ ሦስታችሁ ከቡና በኋላ ጠብቁኝ፣ መቼ እንደጀመራችሁ ልጠይቃችሁ። እዚህ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የቀረው አረንጓዴ ክዳን ያለው የማን ነው? አንቺ ነሽ? ነይ ውሰጂው፣ ግን መጀመሪያ ነጠላሽን አውርጂና አፍሽን አሳዪኝ።